የጆን ሃንተር ልብ

ከዘመናዊ ቀዶ ሕክምና አባቶች አንዱ የሚባለው ጆን ሃንተር የሞተው ስብሰባ ላይ ሲከራከር ነው።

ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1728 በስኮትላንድ ተወለደ። ከአሥር ልጆች የመጨረሻው ሲሆን በትምህርት ገበታም ብዙ አልቆየም። በ20 ዓመቱ ወደ ለንደን ተጉዞ ከሐኪሙ ወንድሙ ከዊሊያም ጋር አስከሬን እየከፈተ የሰውን አካል አጠና። በ1768 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ በ1776 ደግሞ ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቃ። የፈንጣጣን ክትባት ለዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ጄነር ተማሪው ነበር።

በ1773 የደረት ሕመም ጀመረው። በተለይ ሲደክም ወይም ሲቆጣ ደረቱን ይጨመድደዋል። ሃንተር ደግሞ ቁጡ ሰው ነበር፤ ሕይወቱ ሊያናድደው በፈለገ ሰው ሁሉ እጅ መሆኗን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጄነር የሕመሙ ምንጭ ልብን የሚመግቡት የኮሮናሪ ደም ሥሮች መጥበብ እንደሆነ ጠረጠረ። ሆኖም መድኃኒት የሌለውን ነገር ነግሮ መምህሩን ማስጨነቅ አልወደደምና ዝም አለ።

ኦክቶበር 16 ቀን 1793 ሃንተር በሆስፒታሉ ቦርድ ስብሰባ ላይ ስለ ተማሪዎች ቅበላ ሲናገር አንድ አባል ተቃወመው። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ጎን ክፍል ወጣ፤ እዚያው ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 65 ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የኮሮናሪ ደም ሥሮቹ እንደ አጥንት ጠንክረው ተገኙ። የጄነር ጥርጣሬ ልክ ነበር፤ ማስረጃው ግን የቀረበው ባለጉዳዩ ከሞተ በኋላ ነው።

ዛሬ ማስረጃው በሕይወት ሳለን ይገኛል። በ1953 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ኢንጌ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ መቅረፅ ቻሉ። ከዚህ ሥራ የተወለደው የእንቅስቃሴ አልትራሳውንድ የሃንተርን ልብ ጠባይ የሚያውቅ ምርመራ ነው። የታማሚው ልብ በመጀመሪያ በእረፍት ላይ ሳለ ይታያል። ከዚያ ታማሚው በትሬድሚል ላይ ይራመዳል ወይም ባለበት የሚቆም ብስክሌት ይነዳል፤ እንዳቆመም የልቡ ምት ሳይበርድ ወዲያው በድጋሚ ይታያል። ደም ሥሩ የጠበበበት የልብ ግድግዳ ከሌላው እኩል መኮማተር ሲያቅተው በምስሉ ላይ ይጋለጣል።

ምርመራው ለሁሉም ሰው አያስፈልግም፤ የሚወስነውም ሐኪም ነው። ነገር ግን ዳገት ስንወጣ የሚይዘንን፣ ስናርፍ የሚተወንን የደረት ሕመም ጨጓራ ነው ብለን የምናልፍ ሰዎች ጥቂት አይደለንም። ተኝተን የተነሣነው ኢሲጂ ደህና መሆኑም ብቻውን ነፃ አያወጣንም። ያረፈ ልብ ሁሉንም አይናገርም፤ የሃንተርም ሕመም በተለይ የሚነሣው ሲደክም ወይም ሲቆጣ ነበር።