ከባሕር በታች ያለውን ዓለም ያሳየ ሰው፤ የካፒቴን ዣክ ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ

ከሲቀላ ወደ ሼቻ የሚወስደውን ዳገት ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ሁለት ሐይቆችን በአንድ ጊዜ ያያል። በስተ ግራ ያለው አባያ ቀላ ያለ፣ በስተ ቀኝ ያለው ጫሞ ግን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ ተጋድሞ ይለያቸዋል። እኛ የዚህ አገር ልጆች ሁለቱን ሐይቆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን እንላለን። ነገር ግን የምናውቀው ላያቸውን ብቻ ነው። የአባያ ውኃ ደለል ስለ በዛበት ክንዱን ያጠለቀ ሰው የገዛ ጣቶቹን አያይም፤ በጫሞም አዞ ስላለ ደፍሮ የሚጠልቅ የለም። ስለዚህ ከውኃው በታች ያለው ኑሮ በመረብ ከሚወጣው ዓሣ በቀር ለእኛ የተሰወረ ነው።

የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስተምሩን ጣታቸውን ካርታው ላይ በጫሞ አስቀምጠው በአባያ፣ በሐዋሳና በዝዋይ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየሳቡ አፋር ደረሱ፤ በዚያም ሳይቆሙ ቀይ ባሕር ውስጥ አስገቡት። የእኛ ሐይቆች የተኙበት ስንጥቅና ቀይ ባሕርን የከፈተው ስንጥቅ አፋር ላይ እንደሚገናኙ ያን ቀን ተረዳን። እንግዲያውስ የዚያን ባሕር ውስጡን ማን አየው ብለን በጠየቅን ጊዜ የፈረንሳዊው የካፒቴን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ስም ተነገረን። እርሱ ሲሞት ከእኛ አንዳችንም አልተወለድንም ነበር። ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣነው ሕይወቱ ለሐይቅ ዳር ልጆች የሚነግረው ቁም ነገር ስላለ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኩስቶ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ፣ ሳንታንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጁን 11 ቀን 1910 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ደካማ ነበረ፤ ቢሆንም ዋና ተማረ፣ በሲኒማ መቅረጫ መሣሪያም መጫወት ይወድ ነበር። በትምህርቱ ግን የሚመሰገን ተማሪ አልነበረም። እንዲያውም የትምህርት ቤቱን መስኮቶች ስለ ሰባበረ ተባረረና ጥብቅ ሥርዓት ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ይህን የምንጽፈው ታናናሾቻችን አብነት እንዲያደርጉት አይደለም። በአዲሱ ትምህርት ቤት ራሱን ገዝቶ በመትጋቱ በ1930 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ የባሕር ኀይል አካዳሚ ለመግባት እንደ በቃ ለማመልከት ነው።

ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበረ። በ1936 ዓ.ም. ግን ሌሊት ሲነዳው የነበረው መኪና ተገልብጦ ክንዶቹ ተሰበሩ። ከቈሰሉት ክንዶቹ አንዱ እንዲቈረጥ ሐኪሞች ቢመክሩትም እምቢ አለ፤ በብዙ ድካም ዳነ፤ የአብራሪነቱ ተስፋ ግን በዚያው ቀረ። ቱሎን በሚባለው የባሕር ኀይል ወደብ በተመደበ ጊዜ ፊሊፕ ታዬ የተባለ መኮንን ጓደኛው ክንዶቹ እንዲጠነክሩ በየጊዜው እንዲዋኝ መከረው፤ ውኃ የማያስገባ የዐይን መነጽርም አዋሰው። ኩስቶም መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ወደ ባሕሩ ዝቅ ባደረገ ጊዜ ዓለም ሁለት መሆንዋን አየ። ከውኃው በላይ በየቀኑ የሚያውቀው መንገድና ሰው ነበረ፤ ከውኃው በታች ደግሞ እንደ ደን የተወዛወዘ ሣርና በመካከሉ የሚመላለስ ዓሣ ነበረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕይወቱ አቅጣጫ ተለወጠ። አብራሪ ለመሆን የተመኘው ሰው ከመኪናው አደጋ የተነሣ ጠላቂ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሰው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል ሊቈይ ይችላል? በዚያን ጊዜ ወደ ጥልቅ የሚወርዱ ሠራተኞች ከባድ የመዳብ ቍር አድርገው፣ ከመርከብ በተዘረጋ ቱቦ አየር እየተቀበሉ፣ እንደ ታሰረ በሬ በአንድ ስፍራ ይመላለሱ ነበር። አየር በጀርባ ተሸክሞ ለመውረድ ከኩስቶ በፊት የሞከሩ ሰዎች አልታጡም፤ ከነዚህም ኢቭ ለ ፕሪዬር የተባለው ፈረንሳዊ ይጠቀሳል። የእርሱ መሣሪያ ግን አየሩን ያለ ማቋረጥ ስለሚያፈስሰው ቶሎ ያልቅ ነበር። ኩስቶ የፈለገው ጠላቂው ሲስብ ብቻ የሚሰጥ፣ ሳይስብ ሲቀር የሚዘጋ መሣሪያ ነበረ።

በ1937 ዓ.ም. ሲሞን ሜልሽዮር የምትባል ወጣት አግብቶ ነበርና፣ አባትዋ ጋዝ በሚያመርት ታላቅ ኩባንያ ውስጥ ሹም ስለ ነበሩ በዚያ ከሚሠራው ከመሐንዲሱ ከኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ ፈረንሳይ ቤንዚን አጥታ ነበር፤ ጋኛንም መኪና በጋዝ እንዲነዳ ጋዙን መጥኖ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይህን ቫልቭ ለሰው ሳንባ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ማርን በሚባለው ወንዝ ሲፈትኑት ጠላቂው ሲጋደም በደንብ ሠራ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ ፈሰሰ፤ በራሱ ሲዘቀዘቅም አየር አጠረው። ኋላ ምክንያቱን ደረሱበት። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ በተለያየ ከፍታ ላይ ስለ ነበሩ የውኃው ግፊት እኩል አልደረሰባቸውም። ሁለቱን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ቢያደርጓቸው ችግሩ ተወገደ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኩስቶ በሜዲትራንያን ባሕር መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ወረደ፤ ተገለበጠ፣ ተሽከረከረ፣ በራሱም ቆመ፤ ትንፋሹ አልተቋረጠም። ባለቤቱ ሲሞንም ከላይ እየዋኘች ትጠብቀው ነበር።

ይህ ሥራ ግን ያለ መሥዋዕት አልተገኘም። ጠላቂ በየ10 ሜትሩ በወረደ ቍጥር አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመርበታል። በግፊቱም ምክንያት ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅን የተባለው ክፍል በደሙ ይሟሟል፤ ጠልቆ የቈየ ሰው በጥድፊያ ቢወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላ ያ ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በጣም በጠለቁ ጊዜ ናይትሮጅን እንደ መጠጥ አእምሮን ያሰክራል። በ1946 ዓ.ም. ኩስቶና ጓደኛው ፍሬዴሪክ ዱማ ቮክሉዝ በሚባል ጥልቅ ምንጭ ውስጥ ሲወርዱ የያዙት አየር በመሙያው ሞተር ጭስ ተበክሎ ስለ ነበረ ለጥቂት ከሞት ተረፉ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ሞሪስ ፋርግ የተባለ ባልደረባቸው ወደ 120 ሜትር ወርዶ በዚያው ሞተ። ስለዚህ ጠላቂዎቹ ከድፍረት ይልቅ ልክን ማወቅ እንደሚያድን በሐዘን ተማሩ።

በ1950 ዓ.ም. ሎኤል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ቀድሞ የባሕር ፈንጂ ስትጠርግ የነበረችን መርከብ በዓመት አንድ ፍራንክ ብቻ ኪራይ ለኩስቶ ሰጠው። መርከቢቱ ካሊፕሶ ትባላለች። በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ኩስቶ በእርስዋ ተሳፍሮ ወደ ቀይ ባሕር መጣ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን በቀይ ባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል ግድግዳ ለመግለጽ እንፈልጋለን። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን እንስሳት የኖራ ቤት እየሠሩ ሲደራረቡበት የሚያድግ ሕያው ነገር ነው። ከባሕሩ ወለል አጠገብ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ድንገት እንደ ጋሞ ተራራ ገደል ቍልቍል ይወርዳል። ጠላቂው ከገደሉ አፋፍ ሲያልፍ አይወድቅም፤ እንደ ንስር በባዶው ላይ ይንሳፈፋል። ዝቅ ባለ ቍጥር መጀመሪያ ቀይ ቀለም ይጠፋል፤ የተወጋ ዓሣ ደም እንኳ አረንጓዴ ይመስላል። በግድግዳው ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ኮራሎች ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ጅረት መልሰው ይቆማሉ፤ ምግባቸውን የሚያመጣላቸው ጅረቱ ነውና።

ያው ጅረት ለሰው አደገኛ ነው። ውኃው ግድግዳውን በመታ ጊዜ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ አልፎ አልፎም ወደ ታች ይስባል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ኩልፎ ሲሞላ ከወንዙ ፊት ለፊት የታገለ ዋናተኛ ቶሎ እንደሚደክም እናውቃለን፤ ዘዴኛው ግን ከወንዙ ጋር እየሄደ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይጠጋል። የባሕር ጠላቂም እንዲሁ ያደርጋል። ራሱን ለጅረቱ ሰጥቶ በግድግዳው ጎን ይነጉዳል፤ ጀልባይቱም ከላይ የትንፋሹን አረፋ እየተመለከተች ትከተለዋለች። ወደ ታች ከሳበው ደግሞ ከግድግዳው ወደ ጎን ይርቃል እንጂ ሽቅብ አይታገልም።

ኩስቶ ያየውን ሁሉ በሲኒማ ቀረጸ። በ1956 ዓ.ም. የጸጥታ ዓለም የተባለው ፊልሙ በካን ከተማ ከሁሉ የሚበልጠውን ሽልማት፣ ኋላም በአሜሪካ ኦስካር የተባለውን አገኘ። ነገር ግን የታላላቅ ሰዎችን ስሕተት መሸሸግ ለተማሪ አይገባም። በዚያው ፊልም ውስጥ ጠላቂዎቹ ዓሣ ለመቍጠር ሲሉ በኮራል ላይ ፈንጂ አፈንድተዋል። መርከባቸው የመታችው የዓሣ ነባሪ ግልገል ሲሞት ሊበሉት የመጡትን ሻርኮች በቍጣ ገድለዋል። ከዚያም በፊት በ1954 ዓ.ም. ካሊፕሶ ለአንድ የዘይት ኩባንያ በአቡ ዳቢ ባሕር ወለል ላይ ነዳጅ ስትፈልግ ቈይታለች። ኩስቶ በዚያን ዘመን ባሕርን የማያልቅ ጎተራ አድርጎ ይመለከት ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ሰው በባሕር ውስጥ መኖር ይችል እንደ ሆነ ሊፈትን ከፖርት ሱዳን ወደብ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሻዓብ ሩሚ በተባለው የኮራል ዓለት መንደር ሠራ። በ10 ሜትር ጥልቀት በኮከብ ቅርጽ በተሠራ ቤት አምስት ሰዎች አንድ ወር ያህል ኖሩ፤ ከእነርሱም ጋር አንዲት በቀቀን ነበረች። ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ 27 ሜትር ገደማ በሚገኝ ትንሽ ክፍል ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት ሰነበቱ። ዛሬ ከዚያ መንደር የቀረው በዋነኛነት የጠላቂ ታንኳቸው ጋራዥ ነው፤ ኮራል ለብሶበት ዓሦች ይመላለሱበታል። ሰው ሊገዛው የመጣውን ባሕር ትቶ ሄደ፤ ባሕሩም የሰውን ቤት መልሶ ለራሱ አደረገው።

የኩስቶ ልብ የተመለሰው በአንድ ቀን አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የአቶም ፍርስራሽ በሜዲትራንያን ባሕር ሊጣል መታሰቡን ሰምቶ በግልጽ ተቃወመ፤ አሳቡም ቀረ። ከዓመታት በኋላ ቀድሞ ወደ ጠለቀባቸው ስፍራዎች ሲመለስ ዓሣው አንሶ፣ ኮራሉ ሞቶ አገኘው። ቀድሞ ባያየው ኖሮ መጥፋቱንም ባላወቀ ነበር። ከዚህ ወዲያ በቴሌቪዥን የሚያሳያቸው ታሪኮች ስለ ጥበቃ የሚናገሩ እየሆኑ ሄዱ። በ1973 ዓ.ም. ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር በስሙ አቋቋመ። በ1979 ዓ.ም. የሥራው ረዳት የነበረው ልጁ ፊሊፕ ፖርቱጋል ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ልቡ ቢሰበርም ሥራውን አላቋረጠም። ሰማንያ ዓመት ሲሞላው እንኳ በደቡብ ዋልታ ማዕድን እንዳይቈፈር ፊርማ ያሰባስብ ነበር፤ መንግሥታትም በ1991 ዓ.ም. በማድሪድ ይህን የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ።

ሲሞን በ1990 ዓ.ም. ዐረፈች። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ በሌላ ጀልባ ተመትታ ሰጠመች። እርሱም ጁን 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ በተወለደበት ከተማም ተቀበረ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ወደ ሐይቆቻችን እንመለስ። በጫሞ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ቀድሞ እንደነበረው እንደማይገኝ አጥማጆች ይናገራሉ፤ ዐይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለዱትን ጫጩቶች አብሮ ያወጣል። ዛፍ ከተመነጠረበት ዳገት የሚወርደው አፈርም የአባያን ውኃ ያደፈርሳል። አጥማጁን ብቻ መውቀስ አይገባንም፤ ከዓሣው ሽያጭ ደብተር የተገዛልን ልጆች በመካከላችን አለን። ነገር ግን ኩስቶ መነጽር አድርጎ አይቶ እንኳ ባሕርን መጠበቅ እንዳለበት የገባው ካጠፋ በኋላ ከሆነ፣ ምንም የማናየው እኛ ምን ያህል ልንዘገይ እንችላለን?

በደፈረሰ ውኃ ውስጥ መነጽር አይረዳም። የእኛ መነጽር ትምህርት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ስንበተን፣ ከመካከላችን አንዱ የዓሣን ጠባይ አጥንቶ፣ ሌላውም የዳገቱን አፈር የሚያቆም እርከን ሠርቶ ቢመለስ፣ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን የደከሙበት ፍሬ አገኘ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሼቻ አፋፍ ቆመን ሐይቆቹን እናውቃቸዋለን ብንል እውነት እንናገራለን።