ልብን በሥራው ላይ ሳለ የመረመረው ሰው፤ ኖርማን ሆልተር

አንድ ጎልማሳ ደረጃ ሲወጣ ልቡ በድንገት ይርበደበድና ዓይኑ ይጨልምበታል። ጥቂት ዐረፍ ሲል ይሻለዋል። በማግሥቱ ከሐኪም ዘንድ ሄዶ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሲመረመር ግን ልቡ እንደ ሰዓት በልክ በልኩ ይመታል፤ መሣሪያውም አንዳች ጉድለት አያሳይም። ሐኪሙ ደኅና መሆኑን ነግሮ ያሰናብተዋል፤ እሱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ያው ሰው መንገድ ላይ ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ በሽተኛው የተሰማውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ተናግሯልና። የደበቀው ልቡ ነው።

ይህ ችግር ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን ሲያስጨንቅ ኖሯል። መፍትሔ ያገኘለት ግን ሐኪም አይደለም፤ የባሕር ማዕበል ሲለካ የነበረ አንድ የፊዚክስ ሰው ነው። ስሙም ኖርማን ጀፈሪስ ሆልተር ይባላል። ዛሬ በዓለም ያሉ የልብ ሐኪሞች ሁሉ ይህን ስም በየቀኑ ይጠሩታል፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው የመሣሪያ ስም እንጂ የሰው ስም መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን የሆልተርን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረውን ሳናስታውስ የሆልተርን ሥራ መመዘን አይቻልም። የሰው ልብ በመታ ቁጥር ከውስጡ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይመነጫል፤ ይህም ኃይል በሰውነት ውስጥ አልፎ እስከ ቆዳ ድረስ ይደርሳል። ይህን ረቂቅ ኃይል በትክክል ለመጻፍ የበቃው ሆላንዳዊው ሊቅ ቪሌም አይንትሆቨን ነው። እርሱም በላይደን ከተማ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የሠራው መሣሪያ 270 ኪሎ ያህል የሚመዝንና አምስት ሰዎች የሚያንቀሳቅሱት ነበር። በሽተኛውም ሁለት እጆቹንና ግራ እግሩን ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ነክሮ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። አይንትሆቨን በዚህ ሥራው በ1924 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። መሣሪያውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰና እየቀለለ በየሆስፒታሉ ገባ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ የሚመረመረው ሰው መጋደምና አለመንቀሳቀስ ነበረበት፤ የሚጻፍለትም ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የልብ ምት ነበር። ልብ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ከዚህ ሁሉ ሐኪሙ የሚያየው ሃምሳ ወይም ስድሳውን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሆልተር የካቲት 1 ቀን 1914 በአሜሪካ በሞንታና ክፍለ ሀገር በሄለና ከተማ ተወለደ። ሄለና በተራሮች መካከል የምትገኝ፣ ወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሯት ትንሽ ከተማ ናት። አያቱ አንቶን ሆልተር ከኖርዌይ ተሰዶ የመጣና በሞንታና የእንጨት መሰንጠቂያ ካቋቋሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ቤተ ሰቡም በኋላ በብረታ ብረት ንግድ ታወቀ። ልጁ ግን ከንግዱ ይልቅ ሳይንስን ወደደ። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በሎስ አንጀለስ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ፤ ከዚያም በኬሚስትሪና በፊዚክስ ሁለት የማስተርስ ዲግሪዎች ተቀበለ። የሕክምና ትምህርትን በልዩ ልዩ ቦታ ቢቀማምስም የሕክምና ዶክተር አልነበረም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሆልተር በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ በፊዚክስ ሊቅነት አገለገለ፤ ሥራውም የባሕርን ማዕበል ጠባይ ማጥናት ነበር። በ1946 በፓስፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴቶች የአቶሚክ ቦምብ በተፈተነ ጊዜ ፍንዳታው ያስነሣውን ማዕበል የሚለካውን ቡድን መርቷል። እንግዲህ ይህ ሰው የዘመኑን ከሁሉ የበረታ ማዕበል ከለካ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በሰው ደረት ውስጥ ያለውን ከሁሉ የረቀቀውን ማዕበል ለመለካት ተነሣ። በ1947 በሄለና የምርምር ድርጅት አቋቋመ። በዙሪያው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን የተደራጀ የሊቃውንት ጉባኤም አልነበረም። ሥራው የተጀመረው ከቤተ ሰቡ በተገኘ ገንዘብ ነው፤ የመንግሥት ርዳታ የመጣው በኋላ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ ቢባል፣ ሆልተር በሎስ አንጀለስ ሳለ ጄንጌሬሊ ከተባለ የሥነ ልቡና መምህር ጋራ ተዋውቆ ነበር። ሁለቱም ሰውነትን ሳይነኩና በሽቦ ሳያስሩ የነርቭን ሥራ ከሩቅ ለማወቅ ይቻል እንደ ሆነ ይመረምሩ ነበር። መጀመሪያም የአንጎልን ኤሌክትሪክ በራዲዮ አስተላለፉ። በኋላ ሆልተር ሐሳቡን ወደ ልብ መለሰ። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛ የልብ ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚበረታ ለመያዝ ይቀላል፤ ሁለተኛ በልብ ሕመም የሚጎዳው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በዚህም አንድ ነገር እንማራለን፤ አስተዋይ ሰው ከሁለት መንገዶች አንዱን ሲመርጥ የሚቻለውንና የሚጠቅመውን አብሮ ይመዝናል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ዛሬ ፎቶግራፉን ለሚያይ ሰው ሳቅ የሚያመጣ ነው። የራዲዮ ቫልቮችና ባትሪዎች የታጨቁበት፣ በጀርባ የሚታዘል፣ ክብደቱ 38 ኪሎ የሚደርስ ሸክም ነበር። ሆልተር ይህን በገዛ ጀርባው አዝሎ፣ በቆመ ብስክሌት ላይ ሆኖ ፔዳሉን እየመታ፣ የልቡን ምት በራዲዮ አስተላለፈ። በጎን ቆሞ ለተመለከተው ሰው ይህ የጤና መሣሪያ ሳይሆን የጤና ጠንቅ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም ልቡ የታመመ ሰው 38 ኪሎ ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። ሆልተር ግን ሸክሙን አይቶ አላፈረም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ እንዲታወቅ ነው፤ ይኸውም ሰው እየተንቀሳቀሰ ሳለ ልቡን መመርመር የሚቻል መሆኑ ነው። ይህ ከታወቀ ክብደቱን መቀነስ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ጊዜውም ደረሰለት። በዚያው በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር የተባለው ትንሽ ዕቃ ተፈጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቫልቮቹን ቦታ ያዘ። ሆልተርና ዊልፎርድ ግላስኮክ የተባለው የሥራ ባልደረባው መሣሪያቸውን ደጋግመው እየፈቱ፣ እንደ ገና እየገጠሙ፣ ክብደቱን ወደ አንድ ኪሎ ገደማ አወረዱት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በአይንትሆቨን ዘመን ክፍል ሙሉ ይዞ ይቀመጥ የነበረው መሣሪያ በሰው እግር መሄድ ጀመረ።

ነገር ግን ራዲዮው ራሱ ሌላ እንቅፋት ነበረበት። አስተላላፊውን የያዘው ሰው ከተቀባዩ ከራቀ ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሽተኛው በገመድ ባይታሰርም በርቀት ታስሮ ነበር። ሆልተርና ግላስኮክ ብዙ የደከሙበትን ራዲዮ ትተው ምቱ በሽተኛው በተሸከመው ትንሽ የቴፕ መቅረጫ ላይ እንዲጻፍ አደረጉ። ሰው የብዙ ዓመት ድካሙን ለመተው ምን ያህል እንደሚከብደው ለሚያውቅ፣ ይህ ውሳኔ ከመሣሪያው መፈልሰፍ ያላነሰ ነው። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ደረቱ ላይ ጥቂት ሽቦዎች ተለጥፈውለት ወደ ሥራው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ አልጋውም ለመሄድ ተፈቀደለት፤ ልቡም በሄደበት ሁሉ እየተጻፈ አብሮት ሄደ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ መጣ። የተጻፈውን ማን ያነብበዋል? በአሥር ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ40,000 የሚበልጥ የልብ ምት ይጠራቀማል። አንድ ሐኪም ይህን ሁሉ ምት በምት ልመርምር ቢል ሌላ በሽተኛ ሳያይ ይውላል፤ ዓይኑም ደክሞ ዋናውን ስሕተት ሳያየው ያልፋል። የብዙ ፈልሳፊዎች ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ መሰብሰቡን ችለው መመርመሩን ይዘነጉታልና። ሆልተርና ግላስኮክ ግን ያገኙት ዘዴ ያስደንቃል። ቴፑን ከተቀረጸበት 60 ጊዜ በሚበልጥ ፍጥነት እያስኬዱ፣ እያንዳንዱን ምት እንደ ቴሌቪዥን ባለ መስታወት ላይ በፊተኛው ምት ላይ ደራረቡት፤ ምቱንም ወደ ድምፅ ለወጡት። ልብ በደንብ በሚመታበት ጊዜ ሥዕሉ የቆመ ይመስላል፤ ድምፁም አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል። አንድ ምት ከመሥመር ሲወጣ ግን ሥዕሉ ይዘልላል፤ ድምፁም ይሰበራል። በዚያን ጊዜ መርማሪው መሣሪያውን አቁሞ ያችን ደቂቃ ለይቶ ያያል። በዚህ ዘዴ የአሥር ሰዓት ምት በአሥር ደቂቃ ተመረመረ።

ሆልተር ይህን ሥራ በ1961 ሳይንስ በተባለው ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት ላይ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዴል ማር የተባለ ኩባንያ መሣሪያውን እየሠራ ለሆስፒታሎች ማቅረብ ጀመረ፤ የፈጠራውም ፓተንት በ1965 ተሰጠ። የምርመራው ጊዜ ወደ 24 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ ብዙ ቀን አደገ። በሽተኛውም አንድ ቀላል ሥራ ተሰጠው፤ ይኸውም ደረጃ የወጣበትን፣ የተቆጣበትን፣ የተኛበትን፣ ያዞረውንም ሰዓት በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ሐኪሙም ወረቀቱን ከልቡ ምት ጋራ ያስተያያል። ብዙ ሰው ራሱን የሚስትበት ምክንያት በዚህ ታወቀ፤ መድኃኒቱ መሥራቱና አለመሥራቱም በዚህ ተለየ። ሕመም ሳይሰማው የልቡ ደም የሚያንሰው ሰው መኖሩም እየተገለጠ ሄደ።

ሆልተር ራሱ በአንድ ሙያ የማይወሰን ሰው ነበር። የአቶም ጨረር ለሕክምና የሚውልበትን መንገድ የሚያጠናውን የአሜሪካ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1964ም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ ፕሮፌሰር ሆነ። ተመራማሪ ሁልጊዜ አስቀድሞ በተወሰነለት ግብ ብቻ ሳይታሰር፣ ለማወቅ ባለው ፍላጎት ተመርቶ እንዲሠራ ነፃነት ሊሰጠው ይገባል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። የገዛ ሕይወቱም ለዚህ ምስክር ነው፤ የነርቭን ምሥጢር ለማወቅ ጀምሮ የልብ ሐኪሞችን ዓይን ከፈተ። በ1979 የሕክምና መሣሪያዎችን የሚያሳድገው የአሜሪካ ማኅበር ታላቅ ሽልማት ሰጠው። ሐምሌ 21 ቀን 1983 በተወለደባት በሄለና ከተማ በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ ቴፑ ቀርቷል፤ በቦታው ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ የኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ገብቷል። ደረት ላይ እንደ ፕላስተር ተለጥፎ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የልብን ምት የሚጽፍ መሣሪያ አለ። ጣት ሲያስነኩት ለ30 ሰከንድ ያህል የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ የእጅ ሰዓትም በገበያ ላይ ይሸጣል። እነዚህ ሁሉ የዚያ የ38 ኪሎ ሸክም ልጆች ናቸው። ሰዓቱ ግን ሐኪሙን የሚተካ እንዳይመስለን፤ ምልክት ይሰጣል እንጂ ፍርዱ የሐኪም ነው።

ይህን ታሪክ ለወጣት ተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ጓደኞቻችን ስናቀርብ ሁላችንም መሐንዲስ እንሁን ለማለት አይደለም። ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ አስቀድሞ የተነገረው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ መዝገቡ በየመደርደሪያው ተሰድሯል፣ ባለጉዳዩም ተራው ወዲያው ይደርሰዋል። ተቆጣጣሪውም ደኅና ነው ብሎ ጽፎ ይመለሳል። በማግሥቱ የሚሆነውን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ይህ አልጋ ላይ ተጋድሞ እንደሚመረመር ልብ ነው። ሆልተር ያስተማረው ግን የነገሩን እውነት ለማግኘት መርማሪው ወደሚመረመረው ኑሮ መሄድ እንዳለበት ነው፤ በሥራው ሰዓት፣ በድካሙ ሰዓት፣ ማንም በማያየው ሰዓት ጭምር። ይህንንም ለማድረግ መጀመሪያ ላይ ሸክሙ 38 ኪሎ ቢሆን እንኳ መሸከም ይገባል። የሚቀለው ከተሸከሙት በኋላ ነውና።