ሪኪዶዛን፦ ስሙን ደብቆ የጃፓን ጀግና የሆነው ኮሪያዊ

በዛሬው ዝግጅታችን ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ስሙ ግን በጃፓን ምድር እስከ ዛሬ የሚነሳውን የትግል ስፖርተኛ የሪኪዶዛንን የሕይወት ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ልጆቻችን በቴሌቪዥን ሬስሊንግ የሚባለውን ትግል ሲያዩ ብዙዎቻችን እንደ ጨዋታ ብቻ ቆጥረን እናልፈዋለን። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። በጦርነት ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ የነበረን ሕዝብ ቀና ያደረገ ሰው ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ወላጆቹ ያወጡለትን ስምና የተወለደበትን አገር በጃፓን አደባባይ ሳይናገር ኖሮ ሞተ። በዚህ ጽሁፍ የምናነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪኪዶዛን የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ውስጥ በሚገኘው በደቡብ ሃምግዮንግ ክፍለ ሀገር ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኪም ሲን-ራክ ነበር። ያን ጊዜ ኮሪያ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፤ ጃፓን ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ በቅኝ ግዛት ይዛት ነበር። ልጁ ሲሩም በሚባለው በኮሪያውያን ባህላዊ ትግል ጎበዝ ሆኖ በመገኘቱ አንድ ጃፓናዊ ዓይኑን ጣለበትና ወደ ጃፓን መንገድ ከፈተለት። በ1940 ዓ.ም. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ቶክዮ ውስጥ ሱሞ የሚባለውን የጃፓናውያን ትግል ጀመረ። ሪኪዶዛን የሚለው ስም የተሰጠውም ያኔ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሱሞ የስም ዝርዝር ላይ ኮሪያዊነቱ ተጽፎ ነበር። ቆይቶ ግን በናጋሳኪ አውራጃ የኦሙራ ከተማ ሰው ተብሎ ተጻፈ። ሞሞታ የሚባል የኦሙራ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ልጅነት ስለተቀበለው መዝገብ ላይ ሞሞታ ሚትሱሂሮ ተባለ። እንግዲህ ኪም ሲን-ራክ የሚለው ስም ከወረቀት ላይ የጠፋው በዚህ ዓይነት ነው።

በሱሞ ጥሩ ደረጃ ደርሶ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ሴኪዋኬ የሚባለውን፣ ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነውን ማዕረግ አገኘ። ነገር ግን በመስከረም ወር 1950 ዓ.ም. ሳይታሰብ ሱሞን ተወ። የሱሞ ታጋይ ሲሰናበት አናቱ ላይ የተቋጠረው ጸጉሩ በታላቅ ሥነ ሥርዓት በሌሎች እጅ ነው የሚቆረጠው። ሪኪዶዛን ግን ሌሊት ቤቱ ውስጥ ቢላዋ አንስቶ ጸጉሩን በገዛ እጁ ቆረጠው። ምክንያቱን አንዳንዶች ከአለቃው ጋር በገንዘብ መጣላቱ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ኮሪያዊ በመሆኑ ከዚያ በላይ እንደማያሳድጉት ስለተረዳ ነው ይላሉ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። በ1951 ዓ.ም. ቦቢ ብሩንስ የሚባል አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ሬስሊንግ ለማሳየት ወደ ጃፓን መጣ። ሪኪዶዛን ጥቂት ተለማምዶ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከብሩንስ ጋር ለ10 ደቂቃ ታገለና አቻ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሃዋይ ሄዶ ሙያውን በደንብ ተማረ፤ አሜሪካ ውስጥም ታገለ። በ1953 ዓ.ም. ተመልሶ የጃፓን የሬስሊንግ ማኅበርን አቋቋመ።

በዚያው በ1953 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። በየካቲት ወር ሲጀመር የተመዘገቡት ደንበኞች 866 ብቻ ነበሩ። አንድ ቴሌቪዥን ለመግዛት አንድ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዙን ማጠራቀም ነበረበት። ስለዚህ ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለው የግል ጣቢያ አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ በባቡር ጣቢያዎችና በአደባባዮች ላይ ቴሌቪዥን አቁሞ ሕዝቡ በነጻ እንዲያይ አደረገ። ማስታወቂያ የሚከፍሉት ነጋዴዎች የሚፈልጉት ብዙ ተመልካች ነውና።

የሪኪዶዛንን ስም ያስጠራው ቀን የካቲት 19 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምሽት ቶክዮ በሚገኘው በኩራማኤ የሱሞ አዳራሽ ውስጥ የጥንድ ትግል ተደረገ። የጥንድ ትግል ማለት በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ሆነው መግጠም ነው። አንዱ መድረክ ላይ ሲታገል ጓደኛው ከገመዱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ የደከመው መጥቶ እጁን ሲነካው ደግሞ ይተካዋል። በአንድ ወገን ሪኪዶዛንና ታዋቂው የጁዶ ሻምፒዮን ኪሙራ ማሳሂኮ፣ በሌላው ወገን ቤን ሻርፕና ማይክ ሻርፕ የሚባሉ ወንድማማቾች ቆሙ። ወንድማማቾቹ በአሜሪካ የዓለም የጥንድ ሻምፒዮን የተባሉ፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ግዙፎች ነበሩ። ኪሙራ ከአጠገባቸው ሲቆም ልጅ ይመስል ነበር።

ትግሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሻርፖቹ ኪሙራን ወደ ማዕዘናቸው እየጎተቱ ሲደበድቡት ሕዝቡ ይቃጠላል። ሪኪዶዛን ገመዱን አልፎ ሲገባ ደግሞ መዳፉን ዘርግቶ የእጁን ጠርዝ እንደ መጥረቢያ በግዙፎቹ ደረት ላይ ያሳርፍ ነበር። ይህ ካራቴ ምት የተባለው መለያው ነበር። ግዙፎቹ ወደ ኋላ ሲንገዳገዱ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ጊዜ አሸንፎ ሰዓቱ ስላለቀ አቻ ተለያዩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከአዳራሹ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ውጭ የሆነው ነው። በሺምባሺ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በቆመው ቴሌቪዥን ፊት ብቻ 20,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ እንደነበር ይነገራል። ጃፓን በጦርነት የተሸነፈችው በ1945 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ የወረራ አስተዳደርም ካበቃ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁን የቀበረ ሕዝብ አንድ ጃፓናዊ አሜሪካውያንን ሲያንገዳግድ አየና እንባው መጣ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሻርፖቹ አሜሪካውያን አልነበሩም፤ ከካናዳ ከሃሚልተን ከተማ የመጡ ናቸው። ጃፓናዊ ተብሎ የተጨበጨበለት ሪኪዶዛንም ኮሪያዊ ነበር። ሕዝቡ የሚፈልገውን አየ። ሪኪዶዛንም ይህን ስለሚያውቅ ምሥጢሩን አጥብቆ ያዘ። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ኮሪያውያን ይናቁ ነበር፤ ብዙ በሮችም ይዘጉባቸው ነበር። የሪኪዶዛን ምሥጢር ቢወጣ ጭብጨባው ይቀጥል ነበር ወይ? እሱ ሊሞክረው አልደፈረም።

ጀግንነቱን የምናነሳውን ያህል ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚስማሙበት ትርዒት ነው፤ ምቱና ውድቀቱ ግን ያማል። ኪሙራ ሁልጊዜ የሚደበደበው እሱ፣ የሚያድነው ሪኪዶዛን እንዲሆን መደረጉ አስቆጣው። በታኅሣሥ 22 ቀን 1954 ዓ.ም. ሁለቱ እርስ በርስ ገጠሙ። ኪሙራ ኋላ እንደገለጸው አቻ ለመውጣት ተስማምተው ነበር። በመካከሉ ግን ሪኪዶዛን ስምምነቱን ትቶ የእውነት ይደበድበው ጀመር። ኪሙራ ደሙ እየፈሰሰ መድረኩ ላይ ወደቀ። በአሥር ወር ውስጥ የትግል ጓደኛው ባላጋራው ሆነ፤ ሁለቱም እንደ ቀድሞው ወዳጅ ሳይሆኑ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሪኪዶዛን ዝና እየጨመረ ሄደ። በ1957 ዓ.ም. ከዓለም ሻምፒዮኑ ከሉ ቴዝ ጋር ታግሎ አቻ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አሸነፈው። ሕንጻዎች ሠራ፣ የምሽት ክበብ ከፈተ፣ በሺቡያ የራሱን የስፖርት አዳራሽ አቆመ። ተማሪዎችንም አሠለጠነ፤ ከነዚህም ጃያንት ባባና አንቶኒዮ ኢኖኪ በ1960 ዓ.ም. በአንድ ቀን ትግል ጀምረው ኋላ የጃፓንን ሬስሊንግ ለሁለት ተካፍለው መሩት። ከተማሪዎቹ አንዱ ኪም ኢል የሚባል ኮሪያዊ ነበር። ሪኪዶዛንን ፍለጋ ያለ ፈቃድ ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ገብቶ ተይዞ ነበር፤ ሪኪዶዛን ነው ተማሪው አድርጎ የተቀበለው።

በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ሪኪዶዛን ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደ። የትውልድ መንደሩ ግን ከወሰኑ ማዶ በሰሜን ነው። ሁለቱን ኮሪያዎች ወደሚለየው ወደ ፓንሙንጆም ሲደርስ በዚያ ብርድ ልብሱን አውልቆ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ወደ ሰሜን ዞሮ እንደጮኸ ይነገራል። ወንድሞቹ የቀሩት፣ ከሴት ልጆቹም አንዷ የምትኖረው በዚያ ማዶ ነበር። ጉዞውም ለጃፓን ሕዝብ ብዙ እንዳይነገር ተደረገ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አገባ። ታኅሣሥ 8 ቀን ምሽት ቶክዮ አካሳካ ሰፈር በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ ከአንድ የያኩዛ ማለትም የወንበዴ ማኅበር አባል ጋር በትንሽ ነገር ተጣላ። ሰውየው ሆዱን በቢላዋ ወጋው። መጀመሪያ ቁስሉ ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን ሆዱ ውስጥ መርዞ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ታኅሣሥ 15 ቀን 1963 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ አረፈ። ቶክዮ በሚገኘው በኢኬጋሚ ሆንሞንጂ መቅደስ ተቀበረ፤ መቃብሩ ላይ የቆመውን ሐውልት የሚጎበኙ ዛሬም አሉ።

አብዛኛው የጃፓን ሕዝብ ኮሪያዊነቱን ያወቀው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሲታወቅም ዝናው አልጠፋም። በ1995 ዓ.ም. ተማሪው ኢኖኪ ፒዮንግያንግ ውስጥ ታላቅ የሬስሊንግ ዝግጅት አድርጎ መምህሩ በተወለደበት አገር አስታወሰው። ጃፓን፣ ሰሜን ኮሪያና ደቡብ ኮሪያ ብዙ ነገር አያስማማቸውም፤ ሪኪዶዛንን ግን ሦስቱም የኛ ነው ይላሉ።

ውድ አንባብያን፤ ከኛ መካከል ወደ እስራኤል ሲገቡ ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ የተለወጠባቸው ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ አዲሱን ስም ወዶ ይዞታል፤ አንዳንዱ አያቱ ወዳወጡለት ስም ተመልሷል። ሁለቱም የራሱ ምርጫ ነው። የሪኪዶዛን መከራ ስሙ መለወጡ ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞውን እንዲያፍርበት መገደዱ ነው። እንዲያ ያለ ጉልበተኛ በግዙፎቹ ፊት ያልፈራውን ያህል የገዛ ስሙን ፈርቶ ኖረ። ስለዚህ ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ሬስሊንግ ሲያዩ ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ የአያቶቻቸውን ስምና የመጡበትን መንደር ደግሞ አብራችሁ ንገሯቸው።