ጄምስ ፓርኪንሰንና የሌሊቱ ምልክት

ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ዓ.ም. በለንደን ዳርቻ ትገኝ በነበረችው በሆክስተን ተወለደ። አባቱ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ስለ ነበር ሙያውን ከእርሱ ተማረ፤ በዚያው ሰፈርም ሕሙማንን ሲረዳ ኖረ።

ሐኪም ብቻ ግን አልነበረም። በብዕር ስም በሚያወጣቸው ጽሑፎች የአገሩን መንግሥት ክፉኛ ይነቅፍ ነበር። በ1794 ንጉሡን በአየር ጠመንጃ በሚተኮስ መርዘኛ ቀስት ለመግደል ተዶልቷል በተባለው ጉዳይ፣ በንጉሡ አማካሪዎች ፊት ቀርቦ ተጠይቋል። ቅሪተ አካልም ይሰበስብ ስለ ነበር፣ በ1807 ከተመሠረተው የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ የምድርን ንብርብር የሚያጠኑ አባሎቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ስሙን ያስጠራው በ1817 ስለ መንቀጥቀጥ በሽታ ያሳተመው አነስተኛ ድርሰት ነው። ድርሰቱ የተመሠረተው በ6 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ሲሆን፣ አንዱንማ ያየው ከሩቅ ነበር። ያለ አንዳች መለኪያ መሣሪያ አካሄዳቸውን፣ መጉበጣቸውንና የእጃቸውን መንቀጥቀጥ መዘገበ። ሌሊታቸውንም አልዘነጋም፤ በሽታው ሲገፋ እንቅልፍ እንደሚታወክ፣ የእጅና የእግር መንቀጥቀጥም በሽተኛውን በድንጋጤ እንደሚቀሰቅሰው ጻፈ። ያየው ሕልምን በድርጊት የመግለጽ ሕመም ነበር ብሎ መደምደም አያስደፍርም፤ ይሁን እንጂ ወደ ሌሊቱ ማመልከቱ ከንቱ አልቀረም።

ጤነኛ ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል የአንጎል ግንድ ጡንቻዎቹን ያዝላቸዋል፤ በሕልሙ ቢሮጥም ከአልጋው አይወርድም። ይህ መቆለፊያ ሲላላ ግን ሰውየው ይጮኻል፣ ይማታል፣ ይራገጣል። ሕመሙን በ1986 ሼንክና ማሆዋልድ የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ለይተው ገለጹት። በ1996 ደግሞ ከተከታተሏቸው 29 ሸምገል ያሉ ወንዶች 38 በመቶ ያህሉን ከዓመታት በኋላ የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም እንደ ያዛቸው አስታወቁ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ዋጋ የለውም፤ ሰውየው በእንቅልፉ የሚማታና የሚጮኽ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ከእርሱ ይልቅ አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ታውቃለች። ማረጋገጫው የአንጎልን ሞገድና የጡንቻን ውጥረት ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ አዎን ያለ ሁሉ በሽተኛ አይደለምና። የፓርኪንሰንን በሽታ ከመግፋት የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን ካልተገኘ መጠየቁ ምን ይረባል የሚል ይኖር ይሆናል። በእኔ አስተያየት፣ ስለት ያለው ነገር ከአልጋው አጠገብ እንዲነሣና ሚስቲቱም በሌሊት የሚያርፍባት ቡጢ ከክፋት አለመሆኑን እንድታውቅ ብቻ እንኳ መጠየቅ ይገባል።

ፓርኪንሰን በ1824 ሞተ። በሽታውን በእርሱ ስም ያስጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ሲሆን፣ ያም ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ፎቶግራፍ ሳይስፋፋ በማለፉ መልኩ አይታወቅም፤ የእርሱ ናቸው ተብለው የታተሙት ፎቶግራፎች የሌሎች ሰዎች ናቸው።