በደጃችን ያለፈው መንገደኛ

በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ረመዳን በሰኔና በሐምሌ ሲውል፣ ነገሌ ቦረና ላይ ከኢፍጣር በኋላ ስልኮች ይጮኹ ነበር። የሚደውሉት ስዊድንና ኖርዌይ ያሉ ልጆቻችን ናቸው። እኛ ተምር ቀምሰን፣ መግሪብ ሰግደን፣ ሾርባና ሳምቡሳችንን ይዘን ስንቀመጥ እነሱ ዘንድ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። አንዲት እናት ልጃቸው እስከዚያ ሰዓት የሚፆመው ጠንክሮ ነው ወይስ ተሳስቶ ብለው ጠየቁን። አልተሳሳተም አልናቸው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀናችን ርዝመት ከዓመት ዓመት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዛባም። ስቶክሆልም ላይ ግን በዚያ ወቅት ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ትቆያለች። እናትየዋ አምነው ሄዱ ለማለት አንደፍርም።

ይህን የሰዓት ነገር ከ650 ዓመት በላይ ቀድሞ በመጽሐፍ ያሰፈረ ሰው አለ። ስሙ ሙሐመድ ኢብኑ አብደላህ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ኢብኑ በጡጣ በሚለው ስሙ ነው። የተወለደው ሞሮኮ ውስጥ በታንጃ ከተማ፣ በ703 ዓመተ ሒጅራ ነበር። ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1304 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰቡ የፊቅህ ዐዋቂዎችና የቃዲዎች ቤት ስለነበር እርሱም ለዳኝነት የሚበቃ ትምህርት ተማረ። በ1325 በረጀብ ወር፣ በ21 ዓመቱ፣ ለሐጅ ብቻውን ተነሣ። አባትና እናቱ በሕይወት ነበሩ፤ መለየቱም ለእርሱም ለእነርሱም ከብዶ ነበር። የወጣው ለአንድ ሐጅ ነው። አገሩን መልሶ የረገጠው ግን ከ24 ዓመት በኋላ ነው።

ግብፅን፣ ሻምን፣ ሁለቱን ሐረሞች፣ ኢራቅንና ፋርስን እንዴት እንዳየ ለመተረክ የዛሬው ገጽ አይበቃንም። እኛን የሚነካን በ1330 ገደማ ከኤደን በመርከብ ተነሥቶ በአራት ቀን ዘይላ መድረሱ ነው። ዘይላ በዚያን ዘመን ከመሐል አገራችን ለሚወጣው ንግድ ትልቅ የባሕር በር ነበረች። ኢብኑ በጡጣ ግን አልወደዳትም። የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም ሽታ አስመርሮት፣ ማዕበሉ ቢያስቸግረውም ሌሊቱን ከከተማዋ ይልቅ በመርከብ ላይ ማሳለፍን መረጠ። የዘይላ ወገኖች ይቅር ይበሉት።

ከዘይላ እስከ መቅዲሹ ያለው አገር የሁለት ወር መንገድ የሆነ በረሃ መሆኑን፣ ሕዝቡ የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ መሆኑን፣ ሀብቱ ግመል፣ በጎቹም በስባቸው የታወቁ መሆናቸውን ጽፏል። ይህን ያነበበ የቆላ ሰው የነገሌን ወይም የፊልቱን የከብት ገበያ ያስታውሳል። ስቡ ከዳሌው የሚከማች ጥቁር ራስ በግ ዛሬም በዚያው ገበያ ይቆማል።

ከዘይላ 15 ሌሊት በባሕር ተጉዞ መቅዲሹ ደረሰ። ይህችኛዋን ወደዳት። መርከብ ሲመጣ ወጣቶች በትንንሽ ጀልባዎች ምግብ ይዘው ይወጣሉ፤ ምግቡን የተቀበለ ነጋዴ የዚያ ቤት እንግዳ ይሆናል። እርሱ ነጋዴ ሳይሆን የዕውቀት ሰው መሆኑ ሲነገር ቃዲው ራሱ ተቀበለው፤ ሡልጣኑም አስተናገደው። በቅቤ የበሰለ ሩዝ፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝ፣ በሎሚና በዝንጅብል የተሠራ ማባያ ቀረበለት። በከተማዋ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ግመል እንደሚታረድ፣ እዚያ የሚሸመነው ጨርቅም እስከ ግብፅ እንደሚሄድ መዝግቧል። እኛ ግን ያን ሁሉ ግመል ማን አርብቶ አመጣው ብለን እንጠይቃለን። ግመል ከባሕር አይወጣምና መቅዲሹን የሚያበላት ከጀርባዋ ያለው ቆላ ነበር።

ከመቅዲሹ ወደ ሞምባሳና ኪልዋ ሲያቀና ያለፈበትን የባሕር ዳርቻ ልጆቻችን በካርታ ላይ በጣታቸው ቢከተሉት መልካም ነው። ነገሌ በገናሌና በዳዋ መካከል ያለች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። ጁባም ወደ ደቡብ ወርዶ የምድር ወገብን ይሻገርና ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እንግዲህ በባሌ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ጉዞውን የሚጨርሰው በደቡባዊው የምድር አጋማሽ ነው። የኢብኑ በጡጣ መርከብ በዚያ ዳርቻ ስታልፍ የእኛም ውኃ እዚያው ከባሕር ይገናኝ ነበር። እርሱ ይህን አላወቀም፤ ወደ ውስጥም አልገባም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ሄደ። በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ስለምትገኘው ቡልጋር የጻፈው ለእናትየዋ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ወሩ ረመዳን ነበር፤ መግሪብ ሰግደው ሲያፈጥሩ የኢሻ አዛን ተሰማ፤ ተራዊሕና ዊትር እንዳበቃም ጎሕ ቀደደ ይላል። ተመራማሪዎች የጠቀሳቸውን ቀናት ቆጥረው መንገዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማይሞላ በመሆኑ ቡልጋር መድረሱን ይጠራጠራሉ። እኛም ከሌላ ሰምቶ የጻፈው ይመስለናል። የሌሊቱ ማጠር ግን እውነት ነው፤ በዚያ ኬክሮስ በበጋ ወገግታው ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም።

በሕንድ የደልሂው ሡልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ቃዲ አድርጎ ሾመው፤ ለዓመታትም በሹመትና በሞት ፍርሃት መካከል ኖረ። ከዚያ በማልዲቭ ደሴቶች ቃዲ ሆነ። ማልዲቭ ከባሕር የምትለቅመውን ዛጎል እንደ ገንዘብ ትገበያይበት ነበር። ያንኑ ዛጎል ከዓመታት በኋላ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በማሊ፣ 1,150ው በአንድ የወርቅ ዲናር ሲመነዘር አገኘው። በቦረና ቤቶች የወተት ዕቃ ላይ ተሰፍቶ የምናየው ዛጎልም የባሕር ልጅ ነው፤ ከዳዋም ከገናሌም አልተለቀመም። አንድ ነገር ግን አንደብቅም። በየደረሰበት አገር አግብቶ ፈትቷል፣ ልጆችም ትቶ ሄዷል፤ ባሪያ ገዝቷል፣ ሸጧልም። መንገዱን እናደንቃለን፤ የተዋቸው ልጆች ነገር ግን ከልባችን አይጠፋም።

ቻይና ደርሶ ሲመለስ በ1348 ደማስቆ ገባ። እዚያ የአገሩን ሰው አግኝቶ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ። አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በደማስቆ ትቶት የሄደው ልጁም ከሞተ 12 ዓመት አልፎታል። እናቱ ግን በሕይወት እንዳሉ ሰማ። ያ ዓመት ታላቁ ወረርሽኝ ዓለምን ያጨደበት ነው። የደማስቆ ሕዝብ ሦስት ቀን ፆሞ፣ ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱ ተውራቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ፣ በባዶ እግሩ ወደ አላህ እያለቀሰ ሲወጣ በዓይኑ አየ። ከዚያ በ1349 ሞሮኮ ገብቶ ታንጃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የእናቱን መርዶ ሰማ። የወሰደቻቸው ያችው ወረርሽኝ ነበረች። ከቤት ሲወጣ የተሰናበታቸውን ሁለቱንም ዳግም አላያቸውም። በሞያሌ በኩል ወጥቶ የቀረ ልጅ ያላቸው ወላጆች በመስጊዳችን አሉ። ይህን ክፍል ስንናገር አንገታቸውን የሚደፉት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን።

እርሱም አላረፈም። በ1352 ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ ወረደ። በመንገዱ ያገኛት ተጋዛ ቤቶቿም መስጊዷም ከጨው ድንጋይ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው የግመል ቆዳ የሆነ መንደር ነበረች። ዛፍ የላትም፤ ጨውን የሚቆፍሩት ባሮች ናቸው። ዋላታ ላይ በ8 ወይም በ10 ሚስቃል ወርቅ የሚሸጥ አንድ የግመል ጭነት ጨው ማሊ ከተማ ሲገባ 20 እና 30፣ አንዳንዴም 40 ያወጣ ነበር። በኤል ሶድ ጉድጓድ ጠልቀው ጥቁር ጨው የሚያወጡ ወንድሞቻችን ይህን ዋጋ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንገምታለን።

በዚያ ጉዞ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ ትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ሸማኔ ተቀምጦ ሲሸምን አየ። የኒጀርን ወንዝ ሲያይ ግን ተሳሳተ፤ ዓባይ መሰለው፣ ወደ ግብፅም የሚወርድ መሰለው። ኒጀር ወደ በረሃው ከሄደ በኋላ ተጠማዝዞ ተመልሶ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ባሕር ይገባል። ካይሮ ላይ ያየው የዓባይ ጎርፍ ምንጭ ዘይላ ላይ ሆኖ ጀርባውን የሰጠው የሐበሻ ተራራ ነበር። ከመነሣቱ በፊት ደግሞ በሲጂልማሳ ያረፈበት ቤት ባለቤት፣ ቻይና ውስጥ ያገኘው የሰብታ ተወላጅ የአል-ቡሽሪ ወንድም ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ቻይና፣ ሌላው በሰሐራ ጫፍ። ለሁለቱም እንግዳ የነበረው ሰው አንድ ነው።

በ1354 ወደ ፌዝ ተመለሰ። ሡልጣኑ ያየውን እንዲያጽፍ አዘዘና ኢብኑ ጁዘይ የሚባል ጸሐፊ ተመደበለት፤ መጽሐፉ በ756 ዓመተ ሒጅራ በዙል ሒጃ ወር ተጠናቀቀ። የተጓዘው ርቀት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ምድርን ከሁለት ጊዜ በላይ መዞር ማለት ነው። ቀሪ ዘመኑን በሞሮኮ በዳኝነት አሳልፎ በ1368 ወይም በ1369 አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ጨረቃ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጉድጓድ በስሙ ተሰይሟል። በዓይን አይታይም። የረመዳን ጨረቃ በታየች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምሽት ግን ጎሕ የሚቀድበት በዚያ ሥፍራ ነው። ከተራዊሕ በፊት መስጊዱ ግቢ ውስጥ ለሚጫወቱት ልጆች ወደ ምዕራብ እያመለከትን ቦታውን እናሳያቸዋለን።