የጎሬው ሰማዕት ብፁዕ አቡነ ሚካኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በፋሺስት ወረራ ዘመን ደማቸውን ያፈሰሱት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሁለት ናቸው። አንደኛውን ሕፃን አዋቂው ያውቃቸዋል። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ አደባባይ በስማቸው ተጠርቶላቸዋል፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በስማቸው ተውኔት ጽፎላቸዋል። ሁለተኛው ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ናቸው። ከጅማ ወደ ምዕራብ አጋሮን፣ በደሌንና መቱን አልፎ በሚገኘው በጎሬ ከተማ፣ ከአቡነ ጴጥሮስ ዕረፍት አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው ጠላት ጥይት ወድቀዋል። ስማቸው በብዙዎቻችን ዘንድ የሚነሣው ግን የአቡነ ጴጥሮስ ታሪክ ሲተረክ በተቀጽላነት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሳቸው ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሳቷን የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በፍትሐ ነገሥት ውስጥ በገባውና የኒቅያ ጉባኤ ነው ተብሎ በሚጠቀሰው አንቀጽ ምክንያት ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ መሾም አይችሉም ይባል ነበር። በዚህ መልክ ከግብፅ የመጡት አባቶች በትውፊታችን እስከ 111 ይቈጠራሉ። አንድ ጳጳስ ሲያርፍ ምትኩ እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ ዲያቆን የሚሾም፣ ታቦት የሚባርክ አባት ይጠፋ ነበር። አገሪቱ የምታህለውን ያህል ሰፍታ፣ እንደ ጅማ፣ ከፋና ኢሉባቦር ያሉ ሩቅ አገሮች ጳጳስን በዓይናቸው ሳያዩ ትውልድ ያልፍ ነበር።

ብፁዕ አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ፣ ቀጥሎም ንጉሥ የነበሩት ተፈሪ መኰንን ከእስክንድርያ ጋር ረጅም ክርክር አካሄዱ። ፍጻሜውም ግማሽ ድል ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ እንደ ወትሮው ከግብፅ ይሾማሉ፤ ከእርሳቸው በታች ግን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኤጲስ ቆጶሳት ይሆናሉ፤ እነዚህም ሌላ ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሾሙ ታገዱ። በዚህ ስምምነት መሠረት ከግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ ከአቡነ ቄርሎስ ጋር አራት ሊቃውንት መነኮሳት በ1921 ዓ.ም. በካይሮ በፓትርያርኩ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ተሾሙ። አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ተባሉ። በዓመቱ ፓትርያርኩ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ።

ለአራቱ የተሰጣቸው ክብር ከባድ ሸክም ነበረበት። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚሰብኩት፣ ጾሙንና በዓሉን፣ ዜማውንና ቅኔውን ከልጅነታቸው የኖሩት አባቶች ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ከእንግዲህ ጳጳሱ ከቤተ መንግሥት አጠገብ የሚኖር እንግዳ አይደለም፤ ከሕዝቡ ጋር የሚገፋም የሚሞትም ነው። ይህ የኋለኛው ቃል በሰባት ዓመት ውስጥ እንደሚፈጸም ግን ያኔ የገመተ የነበረ አይመስለኝም።

ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ወረራው ሲደርስ የኢሉባቦር ጳጳስ ሆነው በጎሬ ነበሩ።

ጎሬን የዛሬ አንባቢ ትንሽ የገጠር ከተማ አድርጎ ሊያስባት ይችላል። ያኔ ግን እንዲህ አልነበረችም። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲያስተዳድሩ መቀመጫቸው ያደረጓት፣ በደጋው ጫፍ ላይ ሆና የባሮን ቆላ ቁልቁል የምታይ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ነበረች፤ በኋላ ነው ዋና ከተማነቷን ለመቱ የለቀቀችው። ከጫካው የሚለቀመው ቡና በበቅሎ ተጭኖ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከጋምቤላ ጭነው በዓባይ ወደ ካርቱም ያደርሱታል። ስለዚህ ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ እንግሊዛዊውም በጎሬ ይታይ ነበር፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። ቡና ሀብት አመጣ፤ ሀብቱ ግን ለሚለቅመው ገበሬ ብዙም አልደረሰው። የገባር ሥርዓት በአካባቢው ኦሮሞ ላይ የጣለው ቀንበር ከባድ ነበር። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠላት ሲመጣ የአገሩ ሰው ልብ ለምን እንደ ተከፈለ ይህን ሳያስቡ መረዳት አይቻልም። ጅማ በበኩሏ በአባ ጅፋር ቤት የምትተዳደር መንግሥት ሆና ቆይታ፣ በማእከላዊ መንግሥት ሹማምንት እጅ ከገባች ገና አራት ዓመት ያህል ነበር። ፋሺስቶች ይህን ሁሉ ቁስል አጥንተው ነበር የመጡት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ ሲወጡ መንግሥቱ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ትግሉን እንዲቀጥል ተመከረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ በጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆኑ፤ ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተብለው ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው ወደ ምዕራብ መጡ። በለቀምት የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ በቦነያ ያረፉትን ሦስት የጠላት አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነርሱ ናቸው። በአውሮፕላኖቹ ከመጡት የጣልያን መኰንኖች መካከል በሕይወት የተረፉት አንድ ካህን ብቻ ነበሩ።

በእነዚህ ወራት ጎሬ የነጻይቱ ኢትዮጵያ የመጨረሻ መናገሻ ሆና ቆየች። መንግሥቱ ግን ገንዘብ አልነበረውም፤ ጥይቱ ያለቀ ነበር፤ ከለቀምት እስከ ጅማ ያለው ሕዝብም በአንድ ልብ አልቆመም። በእንዲህ ያለው ሰዓት ለጎሬ መንግሥት የቀረለት ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነበር። አቡነ ሚካኤል ይህን ድምፅ አልነፈጉም። ሕዝበ ክርስቲያኑ ለወራሪ እንዳይገዛ አስተማሩ፤ ተስፋ የቆረጠውን አጽናኑ፤ አርበኛውን ባረኩ፤ ለጠላት አድሮ ወገኑን የሚወጋውን አወገዙ። በዚያ ዘመን የጳጳስ ቃል እንደ ዛሬው በድምፅ ማጉያ የሚሰማ አልነበረም፤ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከደብር ወደ ደብር በሰው አፍ ይሄድ ነበር። የፋሺስት ሹማምንት ከጥቂት መቶ ጠመንጃ ይልቅ እንዲህ ያለውን ቃል ይፈሩ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሰማዕትነት ተፈጸመ። ወሬው ጎሬ ሲደርስ አቡነ ሚካኤል ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። በካይሮ አብረው የተሾሙት ወንድማቸው በአደባባይ ተረሽነዋል። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ወደ ሱዳን የሚወስደው የቡና ነጋዴ መንገድም ከእግራቸው ሥር ነበረ። ወረራው ከገባ ወዲህ ስደትን የመረጡ አባቶችና መኳንንት ብዙ ናቸው፤ ስደትም በመጽሐፍ የተወገዘ አይደለም፤ ጌታችን ራሱ በእናቱ ጀርባ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ጳጳሱ ግን በመንጋቸው መካከል ቆዩ።

ክረምቱ ሲወጣ ጠላት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ገፋ። በጥቅምት ማለቂያ አካባቢ ጅማ ተያዘች፤ ወዲያውም የደቡብ ምዕራቡ የፋሺስት አገረ ግዛት ዋና ከተማ ተደረገች፤ ጎሬም በዚያው ግዛት ሥር ሆነች። ራስ እምሩ ከነሠራዊታቸው መንገዱ ሁሉ ተዘግቶባቸው ወደ ከፋ አፈገፈጉ። ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ጎሬ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለቀ ነው። ብፁዕነታቸው ተያዙ። ለአቡነ ጴጥሮስ የቀረበው ጥያቄ ለእርሳቸውም ቀረበ፤ ውግዘታቸውን አንሥተው ሕዝቡ ለኢጣልያ እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ተጠየቁ። ፈቃደኛ አልሆኑም። ኅዳር 24 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎሬ በጥይት ተገደሉ። ራስ እምሩም ታኅሣሥ 9 ቀን በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡና ወደ ኢጣልያ ተግዘው በጶንዛ ደሴት ታሰሩ። የጎሬ መንግሥት ታሪክ በዚህ ተዘጋ።

ያ ግድያ ምን ያህል ከባድ ውሳኔ እንደ ነበረበት ለማየት በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የፋሺስት መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ከእስክንድርያ ለይቶ በእጁ ሊያደርጋት ፈለገ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ወደ ሮም ተወስደው ቢጠየቁም ከመንበረ ማርቆስ መለየቱን አልተቀበሉም፤ ወደ ግብፅም ሄዱ። በኅዳር 1930 ዓ.ም. የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ሊቀ ጳጳስ ተደርገው ተሾሙ። የእስክንድርያ ሲኖዶስም ሹመቱን አወገዘ። አቡነ አብርሃም ዓይናቸው የታወረ አረጋዊ ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም አረፉ። በእርሳቸው ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልደፍርም፤ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. ሲታረዱ ያየ ዘመን ነው፤ በየገዳሙ የቀሩትን ማትረፍ ይቻል ይሆናል ብሎ ማሰብ ከፍርሃት ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በካይሮ በአንድ ዓመት ከተሾሙት አራቱ መካከል ሁለቱ ሰማዕት ሆኑ፤ አንዱ የወራሪውን ሹመት ተቀበሉ። የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነበረ።

ታዲያ አቡነ ሚካኤል ለምን ተረሱ? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አንደኛው ምክንያት ቦታው ነው። አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት በዋና ከተማው መካከል፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ነው፤ ከተመልካቾቹ መካከልም እንደ ፖጃሊ ያለ ጣልያናዊ ጋዜጠኛ ነበረ፤ ያየውንም ጽፎ አቆየው። በጎሬ ግን ጸሐፊ አልነበረም። ከተማይቱ በተያዘች በሳምንቱ፣ ነጋዴው በሩን በዘጋበት፣ ሹማምንቱ በሸሹበት ሰዓት ነው ነገሩ የተፈጸመው። ያዩት የአገሬው ምእመናን ለልጆቻቸው ነገሩ፤ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው።

ሌላው ምክንያት የስም መመሳሰል ሳይሆን አይቀርም። ከነጻነት በኋላ በሐምሌ 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ ጵጵስና ሲሾሙ ከመካከላቸው አንዱ አቡነ ሚካኤል ተባሉ። ስለዚህ አሮጌ ሰነድ ላይ አቡነ ሚካኤል የሚል ሲገኝ የትኛው እንደ ሆኑ ሳይለይ የሚያልፍ አለ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ከ1929 ዓ.ም. በፊት ያሉት የጎሬው ሰማዕት ናቸው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲባል ከቦታው ሲነሣ ብዙ ምእመን አዘነ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ሲቆም ደስ አለው። ያ ደስታ ተገቢ ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን የራሳቸው አገር ሰማዕት እንዳላቸው ሲሰሙ ይደነቃሉ። ኅዳር 24 ቀን በስንክሳራችን የሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ የመታሰቢያ ዕለት ናት፤ ከኅዳር ጽዮንም ሦስት ቀን ብቻ ይለያታል። በዚያች ዕለት ቅዳሴ የሚያስቀድስ ካህን የጎሬውን ጳጳስ ስም ከሰማዕታቱ ጋር ቢያነሣ፣ ከሕዝቡም መካከል አያቱ የነገሩትን የሚያስታውስ ሽማግሌ ቢጠየቅና ቃሉ ቢጻፍ፣ ያ በ1929 ዓ.ም. ሳይጻፍ የቀረው ይሆናል።

የሰማዕቱ የብፁዕ አቡነ ሚካኤል በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።