ሐሪድን በስሙ የመዘገበው እንግዳ

ዑለያ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ ማዳም ያስመጣችውን ሻዑር ወይም ሐሪድ ቅርፊቱን ሳትፍቂ አልቀረሽም። ሐሪድ የቀይ ባሕር አጥማጆች ያወጡት ስም ነው። በዓለም ሳይንቲስቶች መዝገብም ያው ሐሪድ ነው። ያስመዘገበው ፔተር ፎርስኮል ከሞተ ከ260 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፎርስኮል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1732 ሄልሲንኪ ተወለደ። ስዊድን ሄዶ ከታወቀው የዕፅዋት ሊቅ ከሊኔየስ ተማረ። ግትር ሰው ነበር፤ በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት ያሳተማትን ትንሽ መጽሐፍ መንግሥት አገደበት። በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ ምድር ከላካቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተነሣ።

ግብፅ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በ1762 ከሱዌዝ በመርከብ ጂዳ ገባ፤ ከዚያም ወደ የመን ተሻገረ። በየደረሰበት የተጠመደውን ዓሣ ያገላብጣል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ዐረብኛ ለተማርኩት ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ብዙዎቹን አጥማጆቹ በሚጠሯቸው ስም መዘገባቸው። ሐሪድ፣ ቦሃር፣ ሐራክ፣ አቡደፍዱፍ። ሻዑር ከሚባሉት አንዱን ግን በላቲን ደመናማ አለው፤ ለምን እንደ ሌሎቹ እንዳላደረገው እንጃ!

በረዶ በሌለበት ሙቀት ዓሣ እንዴት ይቆያል? የአንድ ጎኑን ቆዳ ገፎ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ተጭኖ ያደርቀው ነበር።

በ1763 የመን ውስጥ፣ የሪም በምትባል ከተማ፣ በ31 ዓመቱ ወባ ገደለው። ከስድስቱ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ኒቡር የቀይ ባሕርን ካርታ አሳተመ፤ የሟች ጓደኛውንም ጽሑፍ ሳይጥል ይዞ ገብቶ በ1775 መጽሐፍ አደረገለት። ኒቡር ባይተርፍ ኖሮ የፎርስኮልን ስም ዛሬ ማን ያነሳው ነበር?

ፎርስኮል ያየው መንጠቆና መረብ የሚደርስበትን ብቻ ነው። የባሕሩን ወለል ዛሬ ከጂዳ በስተ ሰሜን፣ ቱወል ያለው የንጉሥ ዐብደላህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በድምፅ ሞገድና በሮቦት ካሜራ ካርታ እያነሱት ነው። ሐቲባ በተባለ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ላይ እንደ አዲስ አበባው ፍል ውሃ ሞቅ ያለ ውሃ ከወለሉ ሲወጣ አግኝተዋል። ዙሪያው ዝገት የመሰለ የብረት ጉብታ ነው፤ ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ባክቴሪያ ምንጣፍ ሠርቶ ይኖርበታል።

የደረቁት ዓሦች ኮፐንሃገን ሙዚየም ውስጥ አሁንም አሉ። አዲስ የቀይ ባሕር ዓሣ አገኘሁ የሚል ሁሉ ፎርስኮል ቀድሞ መዝግቦት እንደሆነ ማየት አለበት።